የቤት እንስሳት ዓምድ፦ በወበቅ አገር ኤሊን ስለ መጠበቅ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ ከሚኖሩ አንዲት እናት የተላከ ነው። ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት መዳፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ የኤሊ ግልገል ለልጃቸው ገዝተው አመጡለት። ዛሬ ያ ግልገል 30 ኪሎ ደርሶ አጥር እየገፋ የጎረቤት አበባ ይበላል። ከጥር ወር ወዲህ ደግሞ አፍንጫው ይዝረበረባል። ልጁ በመጪው ነሐሴ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። እናቲቱም «የጎዳው ይህ ከባድ ወበቅ ይሆን? ወደ ቤት እናስገባው ወይስ ወንዝ ዳር ወስደን እንልቀቀው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ከደብዳቤው ጋር የተላከውን ፎቶግራፍ ተመልክተናል። በጭኑ ላይ እንደ እሾህ የቆሙ ጉጦች ስላሉት ሱልካታ የተባለው ዓይነት መሆኑ አያጠራጥርም። ይህ ኤሊ በየብስ ከሚኖሩት ኤሊዎች ሁሉ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ኤሊዎች ቀጥሎ በትልቅነቱ ሦስተኛ ነው፤ ወንዱ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከ50 ዓመትም በላይ ይኖራል። ትውልዱ ከሞሪታንያና ከሴኔጋል አንሥቶ በሰሃራ ደቡባዊ ዳርቻ እስከ ኢትዮጵያና እስከ ኤርትራ ድረስ ስለ ሆነ፣ የእናቲቱ ቤተ ሰብ ሳያውቁት የአገራቸውን ልጅ እያሳደጉ ኖረዋል። በዱር ቍጥሩ እየተመናመነ በመሄዱ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ ከዱር ተይዞ ለንግድ እንዳይላክ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኗል። በአሜሪካ የሚሸጡት እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው።

አሁን ወደ ወበቁ ጉዳይ እንምጣ። ብዙ ሰው «የበረሃ ፍጥረት ነውና ይድረቅለት» ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሱልካታ በአገሩ ፀሐይዋ ስትበረታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ይገባል፤ በዚያም ጉድጓድ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይልቅ እርጥበት አለው። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት 50 ያህል የሱልካታ ግልገሎችን ለአምስት ወር ተከታትሎ፣ በደረቅ አየር ያደጉት ቅርፊታቸው እንደ ፒራሚድ እየተቈለለ ሲበላሽ፣ እርጥበት ባለበት ያደጉት ግን ይበልጥ ለስላሳ ሆነው መገኘታቸውን ገልጿል። እንግዲህ የሂዩስተን የበጋ ወበቅ ጠላት አይደለም። ጠላቱ ቅዝቃዜና እርጥበት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። በጥር ወር ዝናብ ዘንቦ፣ መሬቱ ረጥቦ፣ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ኤሊው ሰውነቱን የሚያሞቅበት ኃይል ከራሱ ስለሌለው ሳንባው ይታመማል። እንደ ሰው አጥብቆ ማሳል ስለማይችልም አክታው በውስጡ ይከማቻል። የሚዝረበረብ አፍንጫ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ የሚወጣ አረፋ፣ አፍን ከፍቶ መተንፈስ፣ እነዚህ ሁሉ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ እመቤት፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ እንኳ ቢሆን ተሳቢ እንስሳትን ለሚያውቅ ሐኪም ይደውሉ። በቤት ውስጥ የሚገኝ የሰው መድኃኒት አይስጡት።

ስለ ግቢው ግን ጥቂት ማለት እንወዳለን። የሂዩስተን መሬት ሜዳና ጭቃማ ስለ ሆነ፣ ኤሊው የሚቈፍረው ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ዝናብ ውሃ ሊሞላ ይችላል፤ ይህ ኤሊ ደግሞ ዋና አያውቅም። በነሐሴ 2017 ሃርቬ የተባለው ማዕበል በቴክሳስ ዳርቻ በወረደ ጊዜ በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ ተለክቷል። ስለዚህ ማደሪያው ከመሬት ከፍ ባለ አፈር ላይ ይሠራ፤ ወለሉ ደርቆ እንዲቈይ ይደረግ፤ መግቢያውም ውሃ ወደማይፈስበት ወገን ይዙር። ሁልጊዜ ረጥቦ የሚኖር ወለል የሆድ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል። አጥሩ በስተኋላው ያለው ነገር የማይታይበት ይሁን፤ ኤሊ አሻግሮ ያየውን ነገር ሁሉ መንገድ ነው ብሎ ይገፋልና። ቀትር ላይ ጥላ፣ ጠልቆ የማያሰጥም የውሃ ገበታ ያሻዋል። የእሳት ጉንዳን ጎጆ በግቢው ውስጥ ከታየ ሳይውል ሳያድር ይጥፋ። በዚያ አገር በየደጃፉ ተተክሎ የሚያምረው ኦሊያንደር መርዝ ነው፤ ከግቢው ይነቀል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። አንድ ወዳጃችን በዚያው ክፍለ ግዛት ይኖር ነበር፤ ከክረምት በፊት ምክር ሲጠይቀን «እንስሳ ብርዱን ያውቃል፤ ተኝቶ ይከርምና ይነቃል» ብለን መለስንለት። አንዳንድ ኤሊዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሱልካታ ግን በብርድ ተኝቶ አይከርምም። በየካቲት 2021 ሂዩስተን ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ወረደች፤ በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብም መብራት ጠፋ። ወዳጃችን በምክራችን ተማምኖ ኤሊውን በእንጨት ሣጥን ውስጥ ደጅ ተወው፤ ሞቶም አገኘው። ወዳጃችን እኛን አልወቀሰንም፤ የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ግን ለብዙ ጊዜ ስልክ ስንደውል አላነጋገረችንም።

ስለዚህ ማደሪያው ግድግዳው ድርብ፣ በሩ መጋረጃ ያለው፣ ውስጡም ሙቀቱን በሚቈጣጠር ቴርሞስታት 27 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ ይሁን። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የመታጠቢያ ቤቱ ወይም የመኪና ማቆሚያው ለጥቂት ቀን ይበቃዋል፤ ለዘወትር ግን ቤት ውስጥ ማኖሩ አይረባም፤ ፀሐይ ያስፈልገዋልና።

ምግቡን በአጭሩ እንለፈው፤ ሣር ነው። በቴክሳስ በየግቢው የሚበቅለው የቤርሙዳ ሣር የእኛው ሰርዶ ስለ ሆነ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ድርቆሽና እሾኹ የተነሣለት የቍልቋል ቅጠልም ይጨመርለት። ይህ ፍጥረት ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው፤ በፋሲካም እንኳ እንቍላልና ሥጋ አይቅመስ። ፍሬ አታብዙለት፤ ዳቦና እንጀራ ፈጽሞ አይሰጠው። ልጆች ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። አሜሪካኖች በ1975 ቅርፊቱ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊ ለቤት እንዳይሸጥ የከለከሉት ሳልሞኔላ ሕፃናትን ስላስቸገረ ነው።

ወንዝ ዳር መልቀቁን ግን አይሞክሩት። ከመኪናና ከጎርፍ ቢያመልጥ የመጀመሪያው ውርጭ ይገድለዋል። ልጅዎ ከመሄዱ በፊት አብራችሁ ተቀመጡና ማን እንደሚጠብቀው ተነጋገሩ፤ ኤሊው የልጅዎን ልጆችም ሊያይ ይችላልና። የሚረከበው ከጠፋ፣ ሐኪሙ ኤሊ የሚቀበሉ ማኅበራትን ያውቃል፤ ነገር ግን ትልልቅ ሱልካታ የሚመጣባቸው ብዙ ነውና ተራ ይጠብቃሉ፤ በሐምሌ ሳይሆን ዛሬ ይጠይቁ። እስከዚያው በየወሩ መዝነው በደብተር ይጻፉ፤ ክብደቱ መቀነስ ከጀመረ አፍንጫው ባይዝረበረብም ለሐኪሙ ይንገሩ። ለብቻዎ ግን አያንሡት፤ ወገብዎን ይጎዳል።