የዕድሩ መዝገብ በአንድ ዲስክ ላይ አይደር



እንደሚታወቀው የዕድራችን መዝገብ ከወፍራሙ ጥቁር ደብተር ወደ ኮምፒዩተር መዛወር ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆነውታል። ቀድሞ የአንድን አባል መዋጮ ለማየት ገጽ ሲገለብጥ ይቆይ የነበረው ጸሐፊያችን ዛሬ ስሙን ጽፎ ወዲያው ያገኘዋል። ይህ መልካም ነው፤ የሚጠላውም የለም። ነገር ግን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከሚቀርቡት አሳቦች አንዱ «ደብተሩ ይቅር፤ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተሩ ብቻ ይያዝ» የሚል መሆኑን ሰምተናል። ይህ አሳብ እንዳለ ከጸደቀ ነገ የምንጸጸትበት ነው እንላለን። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በመጀመሪያ መዝገቡ ምን እንደያዘ እናስታውስ። ማን ከመቼ ጀምሮ አባል እንደሆነ፣ የየወሩን መዋጮ ማን እንደከፈለና ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ በእያንዳንዱ አባል ስም የተመዘገቡት ቤተሰቦች እነማን እንደሆኑ፣ ድንኳኑና አግዳሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ሐዘን ሲደርስ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወሰነው በዚሁ መዝገብ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሳታቋርጥ የከፈለች አንዲት እናት መዝገቡ ቢጠፋ መክፈሏን በምን ታስረዳለች? ሬሳ ቤቷ አስተኝታ ሳለ «ስምሽ አልተገኘም» ብትባል ምን ይውጣት? ስለዚህ ጉዳዩ ኮምፒዩተር ለሚያውቁ ልጆች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ሃርድ ዲስክ የሚባለው እንደ ድሮው የሙዚቃ ሸክላ ያለ ክብ ሰሌዳ የሚሽከረከርበት የታሸገ ሣጥን ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1956 ሲያወጣ 50 ሰሌዳዎች የተደረደሩበት፣ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነበር፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነው። የዛሬው በመዳፍ የሚያዝ ሆኖ በመቶ ሺህ እጥፍ ይበልጠዋል። የአሠራሩ መሠረት ግን ያው ነው። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ ጽሑፉን የሚያነበው ትንሽ ጭንቅላት ደግሞ ሰሌዳውን ሳይነካ፣ በጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። አንድ የሰው ጠጉር ከዚያ ክፍተት በብዙ ሺህ እጥፍ ይወፍራል። እንግዲህ በዚህ መካከል አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ፣ ወይም ዕቃው እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ፣ ጭንቅላቱ ሰሌዳውን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ጽሑፍ ደግሞ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

በእኛ ሰፈር ሌላም ጠላት አለ፤ እሱም የመብራቱ ነገር ነው። ሲሄድም ይጎዳል፣ ሲመጣም ይጎዳል። ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ድንገት ቢቋረጥ የፋይሎቹ ማውጫ ሊዛባ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከልክ በላይ ሆኖ ከመጣ ሰርኪዩቱን ያቃጥላል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። ሆኖም ስንቶቻችን እናደርገዋለን?

ካየነውና ከሰማነው ስንነሣ ግን፣ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ዕቃው ሲበላሽ ሳይሆን ከተበላሸ በኋላ ነው። በክረምቱ የአንድ ጎረቤታችን ላፕቶፕ አልከፍት ብሎ ወደ ጥገና ወሰዱት። ጠጋኙ ልጅ «ጋሼ፣ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም «አድርገው ልጄ፣ ብቻ ይሥራልኝ» አሉት። ማታ ሲረከቡት እንደ አዲስ ይበር ነበር። የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፎችና የልጃቸው ሠርግ ግን በውስጡ የሉም። የሚያሳዝነው፣ ዲስኩ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ዊንዶው ብቻ ነው። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ፋይሉን አስቀድሞ መገልበጥ ይቻል ነበር።

ጠጋኙን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። እሱ ኮምፒዩተሩን እንዲያስነሣ ታዘዘ፣ አስነሣ። ፎርማት ምን ማለት እንደሆነ ግን ሁላችንም ማወቅ አለብን። በጥድፊያ የሚደረገው ፎርማት የሚሰርዘው የመጽሐፉን ማውጫ ነው ቢባል ይቀላል፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ይቆያሉ። የጠፋ ፋይል አንዳንድ ጊዜ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ዊንዶው ከተጫነበት፣ ፊልምና ዘፈን ከተሞላበት በኋላ ግን በአሮጌው ጽሑፍ ላይ አዲስ ስለተጻፈበት የተሸፈነው ሁሉ አይገኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህኛው ግን ከፈሰሰ የማይለቀምም አለበት።

ስለዚህ የማንም ነዋሪ ዲስክ ሲበላሽ የሚከተለውን እንዲያደርግ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ያልለመደበትን ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ ይጥፋ። «እስቲ አንዴ ልሞክረው» እየተባለ አሥር ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ትንሹ ጭረት ትልቅ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ በቤትም ሆነ በተራ ሱቅ አይከፈት። እንዲህ ያለ ዲስክ የሚከፈተው አየሩ ተጣርቶ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት የሚል ምክርም ይሰማል፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ጤዛ ስለሚይዝ የባሰ ያበላሸዋል እንጂ አያድነውም።

ሦስተኛ፣ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ካለ በዚያው ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይቀመጥ። ፋይል መፈለጊያውን ፕሮግራም እንኳ በሌላ ዲስክ ላይ እንጂ በዚያው ላይ መጫን አይገባም።

አራተኛ፣ ዕቃው ለጥገና ሲሰጥ በደረሰኙ ላይ «በውስጡ ያለው ፋይል ይፈለጋል፤ ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳይደረግ፤ ዲስኩ ከተቀየረ አሮጌው ይመለስ» ተብሎ ይጻፍ። በቃል የተነገረ ይረሳል።

አምስተኛ፣ ጠጋኙ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጠየቅ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ገልብጦ ፍለጋውን በግልባጩ ላይ ያደርጋል፤ በታመመው ላይ አይታገልም። «ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ቦርዱን ፈትቼ እገጥምለታለሁ» ካለም ይጠንቀቁ። በአብዛኞቹ የቅርብ ዓመታት ዲስኮች ቦርድ ላይ የዚያን ዲስክ ብቻ ልክ የያዘ ማስታወሻ ስላለ፣ እሱ አብሮ ካልተዛወረ የተገጠመው ቦርድ አይሠራም።

አዲሱ ዓይነት፣ ማለትም ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ቢወድቅ የተሻለ ይችላል፤ ፍጥነቱም ግሩም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሞተው። በላዩ ላይ የተሰረዘ ፋይልን ደግሞ ዕቃው ራሱ ከጀርባ ስለሚያጸዳው መልሶ ማግኘቱ ከአሮጌው ዓይነት ይልቅ ይከብዳል። ሌላም አለ። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ዲስኩ ባለቤቱ ሳያውቀው እንኳ በምሥጢር ቁልፍ ተቆልፎ ይገኛል። ማሽኑ ሲበላሽ 48 አኃዝ ያለውን የማስከፈቻ ቁጥር ያልያዘ ሰው፣ ዲስኩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ከውስጡ አንድም ፊደል አያነብም። የዕድሩ ኮምፒዩተር እንዲህ የተቆለፈ ከሆነ ቁጥሩና የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ውስጥ በሁለት ኃላፊዎች እጅ መቀመጥ አለበት። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቁልፍ ከዚያ ሰው ጋር ወደ መቃብር ሊወርድ ይችላልና።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር እንጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ይጽፍ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ከዲስክ ወጥቶ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ኧረ አይጣል! በጊዜው የተጻፈበት ፊደል ቢጫንለት አማርኛው ደኅና ሆኖ ይወጣል። የዕድሩ የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎችም በአሮጌ ፍላሽ ወይም ሲዲ ላይ ቤታቸው ያላቸው ሰዎች ሳይጥሉ ለጸሐፊው እንዲያሳዩ እናሳስባለን።

«ምን ያስጨንቃል፤ ቢበላሽ ጠጋኝ ያወጣዋል» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ያወጣዋል፤ አንዳንዴም አያወጣውም። ሰሌዳው የተጎዳ ዲስክ በጸዳ ክፍል ተከፍቶ ፋይሉ ይፈለግ ሲባል ዋጋው ከአዲስ ዲስክ ዋጋ እጅግ ይበልጣል፤ ለመገኘቱም ዋስትና የለም። የዕድር ገንዘብ በዕድል ላይ አይጣልም። «እንግዲያውስ ኮምፒዩተሩ ይቅርና ወደ ደብተራችን እንመለስ» የሚሉ አባቶችም አሉ። እሳቸውንም እናከብራለን፤ ግን ደብተርን ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ እሳትም ያነደዋል። ወረቀት መብራት ሄደ አልሄደ ግድ የለውም፤ ዲስክ ደግሞ ምስጥ አይፈራም። ሁለቱ የሚጠፉበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ነው ሁለቱም ይኑሩ የምንለው። ሥራቸው ይኸው የሆነ ሰዎችም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ የማይጠፋ የሚፈለግ ነገር በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ ይላሉ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ደብተሩ ባይቀጥል እንኳ በየወሩ መጨረሻ የመዋጮው ዝርዝር በወረቀት ታትሞ፣ በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት በፋይል ይቀመጥ። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ተገዝቶ መዝገቡ በየተራ ይገልበጥባቸው፤ አንዱ በገንዘብ ያዡ ቤት፣ ሌላው ራቅ ባለ የኮሚቴ አባል ቤት ይደር። ሲገለበጥ ብቻ እንጂ ሁልጊዜ ተሰክተው አይዋሉ፤ ኮምፒዩተሩን ያገኘ ቫይረስ ወይም የመብራት አደጋ እነሱንም አብሮ እንዳይወስዳቸው። በየሦስት ወሩ ደግሞ ቅጂው ተከፍቶ ይታይ፤ ከአባላት ጥቂት ስም በዕጣ ወጥቶ በቅጂው ላይ ያለው በእጃቸው ካለው የመዋጮ ካርድ ጋር ይመሳከር። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ተብሎ አይታመንም። አባላትም ካርዳችሁን አትጣሉ። በሰፈሩ ሁሉ ተበታትኖ ያለው ካርድ ማንም በአንድ ቀን ሊያጠፋው የማይችለው ምስክር ነው።

የሁለቱን ዲስክና የወረቀቱን ዋጋ ኮሚቴው አጠያይቆ ለጉባኤው እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። ወጪው ብዙ ነው የሚል ቢኖር፣ መዝገቡ ከጠፋ በኋላ በአባላት መካከል የሚነሣውን ጭቅጭቅ በሚዛኑ ሌላ ወገን ያስቀምጠው። በሐዘን ቤት ድንኳን ሥር «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» መባባል የሚያፈርሰው ጉርብትና በብር የሚተመን አይደለም።

ስለሆነም በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ሳትቀሩ እንድትገኙ፣ ኮምፒዩተር የምታውቁ ወጣቶችም ለጸሐፊው እጃችሁን እንድታውሱት፣ እናትና አባቶችም «ይህ የልጆች ነገር ነው» ሳትሉ ድምፅ እንድትሰጡ አደራ እንላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዲስኩ ዛሬ ደኅና ይሠራል፤ ልንመክርበት የሚገባውም አሁን ደኅና ሳለ ነው።

የሰሌዳው ጽሑፍ አዘጋጆች