የግድቡ መብራትና የእንጦጦ ጭራሮ

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ተነገረን። ከደኻው ኪስ በተዋጣ ገንዘብ ጭምር የተሠራ ነውና ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ይኸውም ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው።

በምኒልክ ዘመን ለማገዶ የተተከለው ባሕር ዛፍ በአገር በቀል ዛፍ መተካቱን አንቃወምም። የባሕር ዛፍ ጠበቆች አይደለንም። ግን በዛፉ የሚተዳደረው ሰው ወዴት ይሂድ? ከእነዚሁ ሴቶች አንዳንዶቹ ተደራጅተው ወደ ሽመና ገብተዋልና ነገሩ የማይቻል አይደለም።

መንግሥት በ2004 ዓ.ም. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት አወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ ዐሻራን ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ኢሕአዴግ አልፎ ብልጽግና ቢተካም በዕቅድ በኩል የጎደለ የለም። የጎደለው ሥራው ለማን እንደሚደርስ የሚናገር ሰው ነው። ሽቦ የሚዘረጋ፣ ቆጣሪ የሚገጥም፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን፣ ችግኝ የሚያጠጣ ያስፈልጋል። ታዲያ ይህ ሁሉ በሙያና በችግር ይመዘናል ወይስ በአባልነት ደብተር?

ስለዚህ የማኅበራችን ኮሚቴ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ ደብዳቤ እንዲጽፍ እንጠይቃለን። የተቀጣሪዎች ስም ከነመመዘኛው በየወረዳው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ የፓርቲ ድጋፍ ወረቀት አይጠየቅ። የአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ መምህራንም ለሽሮ ሜዳ ልጆች የማታ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቢከፍቱ ረዳት አስተማሪ ለመሆን ፈቃደኞች ነን።