ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች መብት

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፥ በአቃቂ በኩል ያለፈው የቀድሞው ምድር ባቡር ለአገር የሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ባቡሩ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ከተዛወረ ወዲህ በጢሱ ውስጥ የደከሙትን ሠራተኞች መርሳት አይገባም። የናፍጣ ጢስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል። ደዌው የሚገለጠው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ ወዲያ ሊሆን ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከሥራ ለሚመጣ በሽታ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ሆኖም ሠራተኛው የት፥ ስንት ዓመት፥ በምን ሥራ እንደቆየ የሚያስረዳው መዝገብ ከጠፋ፥ ከፍርድ አደባባይ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ሹማምንት የቀድሞዎቹን ሠራተኞች መዝገብ ተጠንቅቀው ሊያስጠብቁ፥ ካህናትም ሕሙማኑ ወደ ሐኪምና ወደ ዳኛ ሳይዘገዩ እንዲሄዱ ሊመክሩ ይገባል።