ያለ ገበያ የቆሙት የአርሲ መንደሮች

ሰው ጥሎት የሄደ ከተማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሲኒማ ያየነውን የአሜሪካን ምዕራብ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦዲ የምትባል ከተማ ነበረች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ገደማ ወርቅ ፍለጋ የጎረፈባት ሕዝብ በሺህ የሚቆጠር ነበር። ወርቁ ሲመናመን ሰዉም ተመናመነ፤ ዛሬ ባዶ ቤቶቿን ቱሪስት ይጎበኛቸዋል። የእኛ አገር ባዶ መንደሮች ግን ጎብኚ የላቸውም። ለምን ቢባል የሚታይ ፍርስራሽ እንኳ አልተረፋቸውም፤ ባለቤቶቹ ምሰሶውንም ክዳኑንም ነቅለው ይዘውት ሄደዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ የመንደር ምሥረታውን በ1978 ዓ.ም. በሰፊው ሲያካሂድ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ አርሲ ነበር። በጭላሎና በካካ ተራሮች ሥር ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። ለየአባወራው 1 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ተለካ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ንጹሕ ውሃና ወፍጮ ይመጣል ተባለ። በ1981 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ በዚህ መልክ የሰፈረው ሕዝብ ወደ 12 ሚሊዮን ይገመት ነበር።

እስቲ በሂሳብ እንየው። ወጪው የገበሬው ነው፤ እንጨቱም ጉልበቱም። ትናንት ከደጁ የነበረው ማሳ ዛሬ የእግር ጉዞ ሆነበት። አዝመራውን ከአውሬ የሚጠብቅ በቅርብ የለም፤ ፍጉ ከማሳው አይደርስም፤ ከብቱ በአንድ ቦታ ታጭቆ በሽታ ይጋባል። ትርፉስ የማን ነው? ተሰብስቦ የሰፈረ ገበሬ ኮታ ለማስገባትም፣ ግብር ለማስከፈልም፣ ልጁን ለውትድርና ለመመልመልም ይመቻል። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን የሚወስደው ከነፃ ገበያው በታች በተቆረጠ ዋጋ ነበር። ነጋዴውም እህል ጭኖ እንደ ልቡ እንዳያልፍ ኬላ ቆሞበታል። (በዚያ ዘመን በእህል ንግድ የነበሩ አንባቢዎቻችን ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።) እንግዲህ ትርፍ አምራች በሆነ አገር እምብርት ላይ ገበያ የሌለው ሰፈር ተቆረቆረ ማለት ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ፣ ገበሬውን በመንደሩ የሚያስቀምጠው አስገዳጅም ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ በአያሌ ቦታ ገበሬው ቤቱን እንደገና አፍርሶ ወደ ቀድሞ ደጁ ተመለሰ። ሁሉም ግን አልፈረሰም። መኪና መንገድ ዳር የነበሩት፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ወፍጮው በወሬ ሳይሆን በእርግጥ የተተከለላቸው፣ ሰው ቀርቶባቸዋል።

በቆጂን ያቆማት ገብስና ስንዴ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ለአካባቢው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ መንገድም አወጣ። ገበያም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የስንዴው ትርፍ ሲታይ ባለመሬቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አባረረ፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ከጭላሎ የተፈናቀለው ጭሰኛ ጎጆም ባዶ ቀርቷል። ያም ሆኖ ከተማይቱ አልተዘጋችም። እህሏ ገዢ ነበረው፤ መንግሥት ሦስት ጊዜ ሲለዋወጥም ጫኝና አራጋፊ አላጣችም።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። "እዚህ ከተማ ሊሆን ነው፣ ፕላኑ ወጥቷል" እየተባለ ቦታና ጅምር ቤት የሚሻሻጥበት ጊዜ ላይ ነን። ገዢው የሚጠይቀው ካርታ መኖሩን ነው፤ መጠየቁም ደግ ነው። ነገር ግን የፕሮጀክቱ በጀት ነገ ቢቋረጥ በገበያ ቀን እዚያ የሚመጣው ማነው? የጭነት መኪናው ምን ጭኖ ይወጣል? በ1978ቱ መንደሮች እንዲህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠይቅም ሰሚ አያገኝም ነበር።

በቆጂ ላይ መልሱ ሩቅ አይደለም። የብቅል ገብስ ለረጅም ዘመን በዋናነት ለአሰላው ብቅል ፋብሪካ ይቀርብ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባው ቦሌ ለሚ የውጭ ኩባንያዎች ብቅል ማምረት ጀምረዋል። ገዢ መብዛቱ ለገበሬው መልካም ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ከበቆጂ ይርቃሉ። ገብሱን ከየቀበሌው ሰብስቦ፣ አበጥሮ፣ እርጥበቱን ለክቶ፣ በደረቅ መጋዘን አቆይቶ የሚልክ ሰው ያስፈልጋል። መጋዘን የሚሠራበት ቦታ የሚፈልግ ደንበኛ ያለው ደላላ በቆጂን ቢጠቁም አያፍርም። የቪላ ቦታ ፈላጊውን ግን በመጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን ያሳየው።