ቁስሉ ተሰፋ፤ መጠጡን ግን ማን ጠየቀ?



 ጉዳዩ ስለ መጠጥ ነው። ስለ መጠጥ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሰብኳል። እኔ ግን የተነሣሁት ስለ መሸታ ቤቱ ለመጻፍ ሳይሆን፣ ከመሸታ ቤቱ በኋላ ስለሚደረስበት ስፍራ፣ ይኸውም ስለ ሐኪም ቤት ድንገተኛ ክፍል ለመጻፍ ነው።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቀድሞ ያስተማርሁት፣ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል የሚሠራ የ23 ዓመት ወጣት ራሱን ተፈንክቶ ወደ ሐኪም ቤት መወሰዱን ጓደኞቹ ነገሩኝ። ወላጆቹ በክፍለ አገር ስለሚኖሩ በዚህ ከተማ ዘመዱ እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ካርድ ለማውጣት በመስኮቱ ፊት ቆሜ «ምን ሆኖ ነው?» ብባል «ደረጃ ላይ ወድቆ ነው» ብዬ አስመዘገብሁ። ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥም ወድቋል። ነገር ግን ስድስት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ፣ በላዩም አረቄ ደርቦ መውደቁን ዋጥ አደረግሁት። አስተማሪው እንደ መሆኔ አፍሬ ነው። ሐኪሙም ስለዚያ አላነሣም፤ የልጁ ትንፋሽ ለክፍሉ ሁሉ ይናገር ስለ ነበር የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለውም ይሆናል። ቁስሉ ተሰፋ፣ መርፌ ተወጋ፣ ሲነጋም «ሂድ» ተባለ።

ያ ዝምታዬ ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። ራሱን የተመታ ሰው በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ሲፈስስ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍም ይጫነዋል። የሰከረም ሰው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰውየው ምን ያህል እንደ ጠጣና ከጠጣም ስንት ሰዓት እንደ ሆነው ሐኪሙ ካላወቀ አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። እኛ ደግሞ በየሰፈሩ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛበት» እያልን በጀርባው አስተኝተን በሩን እንዘጋበታለን፤ ቢያስመልሰው ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት እንኳ አይታሰበንም።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። መጠጥ ኃጢአት መሆኑን የተማርሁት ከፊደል ጋር ነው። ስለዚህ ልጁን ወደ ቤቱ ካደረስሁት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ያህል ገሠጽሁት። እርሱም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» አለኝ። በአገራችን «እሺ» ማለት ስንት ትርጉም እንዳለው አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል። አምስት ወር ቆይቶ፣ አሁንም በቅዳሜ ሌሊት፣ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። የተወሰደውም ወደዚያው ሐኪም ቤት ነበር።

በዚህ ጊዜ አልጋ እስኪገኝለት በድንገተኛ ክፍል ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጧት አንዲት ሲስተር ቁስሉን እያጠበች፣ ቁርስ በልቶ እንደ ሆነ በምትጠይቅበት ድምፅ «ወንድሜ፣ በሳምንት ስንት ቀን ትጠጣለህ? አንዴ ከተቀመጥህስ ስንት ትጨርሳለህ?» አለችው። ልጁ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ቆጥሮ ሲጨርስ የራሱ ቁጥር ራሱን አስደነገጠው። እርስዋ ግን አልገሠጸችውም። «ከመጠጡ ምኑ ደስ ይልሃል? ምኑስ ይጎዳሃል?» ብላ ጠየቀችው እንጂ። ያን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋር ጫት እንደሚቅም፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» እያሉ እንደሚጠጡ፣ ጫቱ ስላነቃውም ስካሩ ሳይታወቀው ብዙ እንደሚጨምር አንድ በአንድ አወራላት። አራት ዓመት አስተምሬው፣ ግማሽ ሰዓት ገሥጬው ይህን አላውቅም ነበር፤ ጠይቄው አላውቅማ! በመጨረሻ «እንግዲህ ምን ብታደርግ ይሻልሃል?» ብትለው፣ ጫት በቃመበት ቀን መጠጥ እንዳይቀምስ፣ በሌላውም ቀን ከሁለት ቢራ እንዳያልፍ ራሱ ወሰነ። በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ነገሩ ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ይህ የአንዲት ደግ ሴት ብልሃት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሳነብብ ግን የታወቀ የሕክምና ሥራ ሆኖ አገኘሁት። የዓለም የጤና ድርጅት ያሰናዳው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምን ያህልና በየስንት ጊዜው እንደሚጠጣ የሚጠይቁ ናቸው። ነጥቡ ከ40 ይታሰባል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ የሚያሰጋ ነው ይባላል። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ በአንድ የአደጋ ሕክምና ማእከል የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ጠጥተው ተጎድተው ከመጡ ሰዎች ጋር አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውይይት ቢደረግ ዳግመኛ ቆስሎ መምጣት ወደ ግማሽ ግድም መቀነሱን አሳይቷል። እርግጥ በየአገሩ የተደረገው ሙከራ ሁሉ ያን ያህል ፍሬ አላፈራም። ቢሆንም የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በዚያ አገር ላሉት ትልልቅ የአደጋ ሕክምና ማእከሎች የመጠጥን ነገር መጠየቅ ግዴታ አድርጎታል።

አንዳንድ ሰዎች «አባቶቻችንም ጠጥተዋል» ይላሉ። እውነት ነው። በማኅበሩና በሠርጉ ጠላውና ጠጁ ከእህል ጋር፣ በሽማግሌ ፊት ይጠጣ ነበር፤ የበዛበትንም ሰው ጎረቤት ደግፎ ቤቱ ያደርሰው ነበር። የዛሬው ወጣት በባዶ ሆዱ፣ በውድድር፣ ዕድሜውም አሳቡም እንደ እርሱ ከሆነ ሰው ጋር በየግሮሰሪው ይጠጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም አዋጅ ነው። ነገር ግን የእኔ ተማሪ 23 ዓመቱ ነው፤ አዋጁ ከእርሱ ምንም አይጠይቅም።

በቢሮ ያለን ሰዎችም ሒሳቡን እንወቅ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 ከመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለበት። ጉበታችን በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ግድም ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያፈጥነውም። እንግዲህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስድስት ጠርሙስ ጨርሶ የተነሣ ሰው ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ መዝገብ ሲፈርም ገና ከመጠጡ አልወጣ ይሆናል።

«ነርሶቹ በሥራ ብዛት ተጨንቀዋል፣ ሌላ ሸክም አትጨምርባቸው» የሚለኝ አይጠፋም። የድንገተኛውን ክፍል ሌሊት ያየሁ ስለሆንሁ ይህን አልክድም። ሆኖም ሦስት ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ጥያቄውም በሌሊት፣ በስካር ጊዜ አይደለም፤ ጧት፣ አእምሮው ሲመለስለትና ስፌቱ ገና ሲያመው ነው። ቅዳሜና እሑድ አንድ ሰው ለዚሁ ሥራ ቢመደብ፣ ያው አንድ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ተሸክመውት ሲመጡ የሚጠፋው ጊዜና ፋሻ ይተርፋል።

በካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ፎርም ማውጣት አይቸግራቸውም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የወረቀቱ መድረሻ ነው። መልሱ ወደ ፖሊስ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ወዳለው የሠራተኛ የግል ማኅደር የሚሄድ ከሆነ ሁላችንም «ደረጃ ላይ ወድቆ ነው» ማለታችንን አንተውም። በሐኪምና በበሽተኛ መካከል መቅረቱ በግልጥ ተጽፎ ይለጠፍ። ነጥቡ እጅግ ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃውም። ብዙ ዘመን በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን እስከ መሳት ስለሚያደርሰው በሐኪም እጅ መሆን ይገባዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ሂድ ሲባል «አበድሁ እንዴ?» የሚለውንም በዚያው ጧት ማስረዳት ይቻላል።

ልጁ ዛሬ በክራንች ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመላለሳል። ጭራሹን አልተወም፤ የጻፈችለት ወረቀት ግን በኪስ ቦርሳው ውስጥ አለ፤ ሲከፍት አይቼዋለሁ። ባለፈው ወር ሲስተሯን ላመሰግን ወደዚያው ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ነበር። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች አሉኝ። «እርስዋ ትጠይቅ የነበረውን አሁን ማን ይጠይቃል?» ብል ተረኛው «የትኛውን ጥያቄ?» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ