የቴክኒክ ዓምድ፦ የዶራሌው ሚዛን ለምን ዝም አለ?



ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ዶራሌ ለአገራችን ምን ማለት እንደ ሆነ ከመካከላችን የማያውቅ አይኖርም። የኮንቴይነር ተርሚናሉ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሁለገብ ወደቡም በ2017 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም፣ ብረቱም በዚያ እየተጫነ በጋላፊ በር ወደ አገር ቤት ይገባል።

ባለፈው ሐምሌ፣ የዚያ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት፣ በዶራሌ በአንድ የጭነት ግቢ በጥገና ሥራ የተሰማራ የአንድ ባልደረባችን ልጅ ማታ ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የመኪናው ሚዛን ከአዲሱ ኮምፒዩተር ጋር አልነጋገር ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለኝ። ክብደቱ በሚዛኑ መስኮት ላይ ይታያል፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ግን አይደርስም። በመሆኑም ቁጥሩ በእጅ ይገለበጥ ነበር። አንድ ሌሊት ተረኛው 38 ቶን የሚለውን 28 ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዞ የተጓዘው ሾፌር በመንገድ ክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተይዞ ሁለት ቀን ቆመ፤ ቅጣትም ከፈለ። ልጁም ኪሳራው ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ተነገረው። «መቀየሪያውን የገዛሁት እኔ ነኝና» አለ ድምፁ እየተሰበረ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አሮጌ ሚዛኖች የሚነጋገሩት አርኤስ-232 በሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ደንብ ነው፤ ይኸውም መረጃን ቢት በቢት፣ ተራ በተራ በሽቦ የሚያስተላልፍ የሲሪያል ግንኙነት ነው። የዛሬ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች ግን ባለ ዘጠኝ እግሩ መሰኪያ የላቸውም። ስለዚህ በመካከላቸው የዩኤስቢ መቀየሪያ ይገባል። ኮምፒዩተሩ በሊኑክስ የሚሠራ በመሆኑ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተን ከቅርቡ ወደ ሩቁ መመርመር ጀመርን።

በመጀመሪያ መቀየሪያውን አስነቀልሁት። ከዚያም ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ በሚሉት ፊደላት የሚጻፈውን፣ የሥርዓቱን ማስታወሻ የሚያነበውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስጽፌ መልሶ እንዲሰካው አደረግሁ። ምንም አዲስ መስመር ባይወጣ ጥፋቱ ከገመዱ፣ ከመሰኪያው ወይም ከራሱ ከመቀየሪያው ይሆን ነበር። እርሱ ግን «ቲቲዋይ-ዩኤስቢ-ዜሮ የሚል ስም ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተቋረጠ ይላል» አለኝ። ስሙን የነጠቀው ብራልቲቲዋይ የተባለ፣ ለዓይነ ስውራን የብሬል ሰሌዳ የሚያገለግል ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ይህ ፕሮግራም ሲኤች-340 የተባለውን የመቀየሪያ ቺፕ የብሬል ሰሌዳ እየመሰለው ይይዘው እንደ ነበር በሰፊው የታወቀ ነው። በዚያ ኮምፒዩተር የብሬል ሰሌዳ የሚጠቀም ሰው አለመኖሩን አረጋግጠን አስወገድነው።

ሁለተኛው መሰናክል «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ነበር። በኡቡንቱ የሲሪያል በርን ለመክፈት ተጠቃሚው ዳያል-አውት በተባለው ቡድን መመዝገብ አለበት። ሲመዘገብም «ጨምር» የምትለው ንኡስ ምልክት «ኤ» ከተረሳች ቀድሞ ከነበረባቸው ሌሎች ቡድኖች ይሰረዛልና ጥንቃቄ ያሻል። ከዚያ ወጥቶ እንደገና መግባት የግድ ነው።

ሦስተኛው ፈተና አንድ የወረቀት መያዣ ሽቦ ብቻ ይፈልጋል። መቀየሪያውን ከሚዛኑ አላቅቀን የ2ኛውንና የ3ኛውን እግር በሽቦ አገናኘን። ስክሪን በተባለው ፕሮግራም በሩን ከፍቶ ሲጽፍ የጻፈው ፊደል ተመልሶ ታየው። የሄደው ቃል ከተመለሰ ኮምፒዩተሩም መቀየሪያውም ንጹሕ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥፋት ከመቀየሪያው ባሻገር ወይም በስምምነቱ ላይ ነው።

ሽቦውን አውጥቶ ሚዛኑን ሲያገናኝ የማይነበብ ምልክት ይጎርፍ ጀመር። «ጋሼ፣ ጭራሽ ባሰበት!» አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሙሉ ዝምታ ቢሆን የላኪውና የተቀባዩ ሽቦ አለመገጣጠሙን እንጠረጥር ነበር፤ መንተባተብ ግን ሚዛኑ እየተናገረ መሆኑንና ጆሯችን የሌላ ፍጥነት እየሰማ መሆኑን ያመለክታል። የሚዛኑን መመሪያ ገልጦ ሲያነብ ፍጥነቱ 2400፣ የመረጃው ቢት 7፣ ማረጋገጫውም ጥንድ ሆኖ ተገኘ፤ እኛ ግን 9600ና 8 ቢት ይዘን ነበር። ሲስተካከል ክብደቱ መስመር በመስመር ጥርት ብሎ ወረደ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት አልፎ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ሚዛኑ አልተበላሸም፤ መቀየሪያውም ደህና ነበር። ልጁ በማግስቱ የሠራውን ሁሉ ጽፎ ለኃላፊዎቹ በማቅረቡ ደመወዙ አልተነካም። የሾፌሩ ገንዘብና ከልጆቹ ተለይቶ የቆመባቸው ሁለት ቀናት ግን አልተመለሱም። ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይመረመር ጥፋተኛውን መፈለግ የሚያስከትለው ይህንን ነው።

ስለሆነም እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃችሁ የሚገኝ ሁሉ፣ ፍጥነቱንና የቢት አቀማመጡን በወረቀት ጽፋችሁ በመሣሪያው ጀርባ ላይ ለጥፉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተረኛ ያመሰግናችኋል።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።