ለራስ የሚነገር፥ ለባለጉዳይ የማይነገር

«ከእግዚአብሔር የመጣ ነው» የሚለው ቃል በአገራችን ከሁሉም አፍ ይሰማል። ቃሉ እውነት ነው፤ እኛም እናምነዋለን። ነገር ግን ማን ለማን እንደሚናገረው መመልከት ያስፈልጋል፤ ያው ቃል በአንዱ አፍ እምነት፥ በሌላው አፍ ማመካኛ ይሆናልና።

ዮሴፍን እንመልከት። ወንድሞቹ ሲሸጡት የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሞልቶታል። በመካከሉ ያለው 13 ዓመት ባርነት፥ የሐሰት ክስና ወህኒ ነው። ሕልም የፈታለት የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ እንኳ ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨማሪ ታሰረ። (ሹመት የወህኒ ባልንጀራን ማስረሳቱ የዛሬ ነገር አይደለም።) ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፥ እነርሱ ያሰቡትን ክፋት እግዚአብሔር ወደ በጎ እንደ ለወጠው ለወንድሞቹ ነገራቸው።

ልብ እንበል፤ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ መከራ ነው። ለተራቡት ግን እንዲህ ያለ ስብከት አልሰበከም። ራቡ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሚመጣ ከማንም በፊት ያወቀ እርሱ ሲሆን፥ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ሲያከማች ኖረ፤ ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲወሰድ የመከረም እርሱ ነው። ራቡ ሲጸና ጎተራውን ከፈተ። በኋላ የሕዝቡን መሬት ለፈርዖን ማስገባቱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

በእኛም አገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ፥ በክፉ ቀን፥ የደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻ በተፈታ ጊዜ ሕዝቡ ቁጣ ወረደብን ብሎ ወደ ፈጣሪው ጮኸ። ዐፄ ምኒልክ ግን ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም ተከተሉ። ያ በሽታ በክትባት ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። መርፌ ይዘው በየበረቱ የዞሩት ሰዎች ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር ተጣሉ የሚል ይኖር ይሆን?

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ከያዝን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። ባለፈው ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት፥ የሟች ልጃቸውን የጡረታ ጉዳይ ለማስፈጸም ለሦስተኛ ጊዜ የመጡ አሮጊት አየን። የእኛው እኩያ የሆነው ጸሐፊ «አይዞዎት እማማ፥ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መዝገቡን ወደ መሳቢያው መለሰው። እግዚአብሔር ማወቁን እማማ ከእርሱ ይልቅ ያውቃሉ፤ ሌሊት እየተነሡ የሚለምኑት እርሱን ነው። ወደ ጸሐፊው የመጡት ፊርማ ፈልገው ነበር።